ስምዖን ቀሬናዊ፦ ሳያስበው መስቀል የተሸከመው መንገደኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቅዱስ ወንጌል ስማቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጠርቶ የሚያልፍ፣ ነገር ግን ከጌታችን ከመድኃኒታችን ከኢየሱስ ክርስቶስ የማዳን ሥራ ጋር ለዘለዓለም የሚታሰቡ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ስምዖን ቀሬናዊ ነው። ሦስቱ ወንጌላውያን ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ እያንዳንዳቸው በአንድ ቁጥር ብቻ ጠቅሰውት ያልፋሉ (ማቴ. 27፥32፤ ማር. 15፥21፤ ሉቃ. 23፥26)። ከእርሱ አንደበት የወጣ አንድም ቃል አልተጻፈልንም። ከየት እንደ መጣ እንጂ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ አልተነገረንም። ይሁን እንጂ በዕለተ ዓርብ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ሰዓት ከጌታችን በስተኋላ መስቀል ተሸክሞ የታየው እርሱ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የስምዖንን ማንነት፣ የመጣበትን ሀገር፣ የቤተ ሰቡን ነገር፣ እንዲሁም መስቀል መሸከሙ ለክርስቲያኖች ያለውን ምሳሌነት በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የታሪኩ አመጣጥ

ጌታችን ሌሊቱን በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሲንገላታ አድሮ፣ በጲላጦስ አደባባይ ተገርፎ፣ የእሾህ አክሊል ተደፍቶበት ለሞት ተላልፎ ተሰጠ። በሮማውያን ልማድ የስቅላት ፍርድ የተፈረደበት ሰው የሚሰቀልበትን እንጨት ራሱ ተሸክሞ ወደ መስቀያው ቦታ ይወጣ ነበር። ይህም ሥቃዩን ከማብዛቱ ሌላ በከተማው ሕዝብ ፊት ማዋረጃ ነበር።

ወንጌላዊው ዮሐንስ ጌታችን መስቀሉን ራሱ ተሸክሞ እንደ ወጣ ይነግረናል (ዮሐ. 19፥17)። ሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ ስምዖን እንደ ተሸከመው ይጽፋሉ። ይህ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር አይደለም። ጌታችን ከፍርድ አደባባዩ ራሱ ተሸክሞ ወጣ፤ በመንገድ ላይ ግን ጭፍሮቹ ስምዖንን አግኝተው አሸከሙት። ዮሐንስ የመንገዱን መጀመሪያ፣ ሦስቱ ደግሞ ቀጥሎ የሆነውን ጻፉልን። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የዮሐንስን ወንጌል ሲተረጕም የጌታችንን መስቀል መሸከም በይስሐቅ ምሳሌነት ያየዋል። ይስሐቅ የሚሠዋበትን እንጨት በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ተራራው ወጥቶ ነበርና (ዘፍ. 22፥6)። ይስሐቅ ግን በበግ ተቤዥቶ ተመለሰ፤ ጌታችን እውነተኛው መሥዋዕት ነውና እስከ ሞት ደረሰ።

ጭፍሮቹ ስምዖንን ያሸከሙት ስለ ራሩ ነው ብለን እንዳንል ወንጌሉ ርኅራኄን አይጠቅስም። ከግርፋቱ ብዛት የተነሣ ሥጋው የደከመው ጌታችን በመንገድ እንዳይሞትባቸውና ፍርዱ እንዳይዘገይባቸው አስበው ነበር ማለት ይቀላል። እነርሱ ለክፋታቸው መፍጠኛ የፈለጉትን ሰው፣ እግዚአብሔር ለትውልድ ሁሉ ምሳሌ አደረገው።

ቀሬና የት ናት?

ቀሬና በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬዪቱ ሊቢያ ምሥራቃዊ ክፍል የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት። በ631 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ከቴራ ደሴት በመጡ ግሪኮች ተቈረቈረች። ፍርስራሿ ሻሓት ከምትባለው ከተማ አጠገብ እስከ ዛሬ ይታያል፤ በ1982 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከኢየሩሳሌም በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ቀሬናና በዙሪያዋ ያሉ አራት ከተሞች በአንድነት «አምስቱ ከተሞች» ይባሉ ነበር።

በዚያች ከተማ ከጥንት ጀምሮ ብዙ አይሁድ ይኖሩ ነበር። በበዓለ ኀምሳ በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ሐዋርያት በየቋንቋቸው ሲናገሩ ከሰሙት መካከል በቀሬና በኩል ካለው የሊቢያ ወረዳ የመጡ እንደ ነበሩ ቅዱስ ሉቃስ ጽፏል (ሐዋ. 2፥10)። በኢየሩሳሌምም የቀሬና ሰዎች የሚሰበሰቡበት ምኵራብ ነበረ (ሐዋ. 6፥9)። ስለዚህ ስምዖን ስሙም እንደሚያመለክተው ከስደተኞቹ አይሁድ ወገን የሆነ፣ ለፋሲካ በዓል የመጣ ወይም በኢየሩሳሌም አካባቢ የሰፈረ ሰው ነበር ማለት ከታሪኩ ጋር ይስማማል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምእመናን ይህች ሀገር ሩቅ አይደለችም። በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ የተወለደው በአምስቱ ከተሞች ምድር ነው፤ ኋላም ወንጌልን ሰብኮባታል። በ325 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በስድስተኛው ቀኖናው ግብፅ፣ ሊቢያና አምስቱ ከተሞች በእስክንድርያ መንበር ሥር እንዲሆኑ የቆየውን ልማድ አጽንቷል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን የተቀበለው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም እስከ 1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስክትሾም ድረስ ጳጳሳትን ስትቀበል የኖረችው ከዚሁ ከቅዱስ ማርቆስ መንበር ነው።

የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት

ማቴዎስና ሉቃስ የስምዖንን ስምና ሀገር ብቻ ሲጠቅሱ፣ ቅዱስ ማርቆስ ግን የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት መሆኑን ይጨምራል። ይህች አጭር ቃል ብዙ ትናገራለች። ሰውን በልጆቹ ስም የምናስታውቀው ልጆቹ በሰሚው ዘንድ የታወቁ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ የማርቆስን ወንጌል አስቀድመው የተቀበሉ ክርስቲያኖች እስክንድሮስንና ሩፎስን ያውቋቸው ነበር ማለት ነው። የጥንት ጸሐፍት ቅዱስ ማርቆስ ወንጌሉን የጻፈው በሮም እንደ ሆነ ይናገራሉ። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮም ክርስቲያኖች በላከው መልእክት መጨረሻ በጌታ የተመረጠ ሩፎስ ለተባለ ሰው ሰላምታ ያቀርባል፤ የሩፎስን እናትም ለእርሱም እናቱ እንደ ሆነች አድርጎ ይጠራታል (ሮሜ 16፥13)። ብዙ መተርጕማን ይህን ሩፎስ የስምዖን ልጅ እንደ ሆነ ይረዱታል። እንደዚህ ከሆነ፣ አባት በግድ የተሸከመው መስቀል ለሚስትና ለልጆች በውድ የተቀበሉት በረከት ሆኗል ማለት ነው።

በ1941 እ.ኤ.አ. ኤልዓዛር ሱኬኒክ የተባለ የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ በኢየሩሳሌም አጠገብ በቄድሮን ሸለቆ አንድ የመቃብር ዋሻ ከፍቶ ነበር። በውስጡ ከተገኙት የዐፅም ማስቀመጫ ሣጥኖች በአንዱ ላይ የስምዖን ልጅ እስክንድሮስ የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። በመቃብሩ የተገኙት ስሞችም ቤተ ሰቡ ከቀሬና ምድር የመጣ መሆኑን ይጠቁማሉ። ስሞቹ በዘመኑ የተለመዱ ስለ ነበሩ ሊቃውንቱ ይህ የወንጌሉ እስክንድሮስ ነው ብለው አይደመድሙም። የእኛም እምነት በሣጥኑ ላይ የቆመ አይደለም። ሆኖም የቀሬና ቤተ ሰቦች በኢየሩሳሌም ኖረው በዚያ እንደ ተቀበሩ ያሳየናል።

የቀሬና ሰዎች ነገር በዚህ አያበቃም። በእስጢፋኖስ ምክንያት በተነሣው ስደት ከተበተኑት መካከል የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች ወደ አንጾኪያ ሄደው ለግሪኮችም ወንጌልን ሰበኩ (ሐዋ. 11፥20)። አማኞች ክርስቲያን ተብለው መጀመሪያ የተጠሩትም በዚያችው ከተማ ነው (ሐዋ. 11፥26)። ከአንጾኪያ መምህራን አንዱ የቀሬናው ሉክዮስ ነበረ (ሐዋ. 13፥1)። አንድ የቀሬና ሰው መስቀሉን ተሸከመ፤ የሀገሩ ሰዎች ደግሞ የመስቀሉን ቃል ተሸክመው ወደ አሕዛብ ሄዱ።

«አስገደዱት» የሚለው ቃል

ማቴዎስና ማርቆስ ስምዖንን «አስገደዱት» ይላሉ። በግሪኩ የተጻፈው ቃል ከፋርስ ነገሥታት የመልእክተኞች ሥርዓት የመጣ ሲሆን፣ የመንግሥት ሰው መንገደኛን ወይም ከብቱን ይዞ ያለ ዋጋ ማሠራቱን ያመለክታል። በሮማውያን ዘመን ወታደር ያገኘውን ሰው ዕቃ ሊያሸክም ይችል ነበር፤ ተገዳጁ እምቢ የማለት ዐቅም አልነበረውም።

ይኸው ቃል በወንጌል በሌላም ቦታ ይገኛል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ አንድ ምዕራፍ እንድትሄድ የሚያስገድድህ ቢኖር ሁለተኛውን ጨምረህ ሂድ ብሎ ሲያስተምር የተጠቀመበት ቃል ይህ ነው (ማቴ. 5፥41)። ያን ትምህርት የሰጠው ጌታ፣ አሁን የተገደደ ሰው በአጠገቡ ቆሞ ያየዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የአስገዳጁ ነው፤ ሁለተኛው ግን የሰውየው የራሱ ነው። በመጀመሪያው ርቀት ሰው ባሪያ ይመስላል፤ በሁለተኛው ነጻነቱ ይገለጣል። ስምዖን መስቀሉን እንዲይዝ የተገደደው በጭፍሮች ነው፤ ከመስቀሉ በኋላ የሆነውን ግን ጭፍራ ሊያስገድደው አይችልም። ልጆቹ በቤተ ክርስቲያን ታውቀው መገኘታቸው ሁለተኛውን ምዕራፍ በውድ እንደ ተጓዘው እንድናስብ ያደርገናል።

የስምዖን ምሳሌነት

አንደኛ፦ የደቀ መዝሙርነት ምሳሌ ነው። ቅዱስ ሉቃስ ስምዖን መስቀሉን የተሸከመው ከኢየሱስ በስተኋላ እንደ ነበረ ለይቶ ይጽፋል። አስቀድሞም ጌታችን ሊከተለው የሚወድ ሁሉ ራሱን ክዶ ዕለት ዕለት መስቀሉን ተሸክሞ እንዲከተለው አስተምሮ ነበር (ሉቃ. 9፥23)። ትምህርቱን የሰሙት ደቀ መዛሙርት በዚያች ሰዓት አልነበሩም። እስከ ሞት እከተልሃለሁ ያለው ስምዖን ጴጥሮስ ክዶ በመራራ ልቅሶ ላይ ነበረ። በእርሱ ፈንታ ትምህርቱን ስለ መስማቱ ያልተነገረለት ሌላ ስምዖን በተግባር ፈጸመው። ይህ ጴጥሮስን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርሱም በኋላ በመስቀል ሞቷልና። እግዚአብሔር ለማገልገል ቃል የገቡት ሲደክሙ ያልታሰቡትን እንደሚያስነሣ ለማስተዋል ነው።

ሁለተኛ፦ ከሩቅ የሚመጡ አሕዛብ ምሳሌ ነው። ስምዖን በዘሩ አይሁዳዊ ቢሆንም የመጣው ከባዕድ ሀገር ነው። ስለዚህ ከጥንት መተርጕማን ብዙዎቹ በእርሱ መስቀሉን በእምነት የሚቀበሉትን የአሕዛብን ጥሪ አይተዋል። የሀገሩ ሰዎች በአንጾኪያ የሠሩት ሥራ ይህን ያጸናል።

ሦስተኛ፦ የሰማዕታት ምሳሌ ነው። የሚላኖው ቅዱስ አምብሮስዮስ የሉቃስን ወንጌል ሲተረጕም፣ ጌታችን መስቀሉን አስቀድሞ እንደ ድል ምልክት ራሱ እንዳነሣው፣ ቀጥሎም ሰማዕታት ያነሡት ዘንድ እንደ ሰጣቸው ያስተምራል። ቅደም ተከተሉን እናስተውል። ክርስቶስ ያልተሸከመው መስቀል ለማንም አልተሰጠም።

የቀሬና ምድር ይህን ምሥጢር በዘመናችንም አሳይታናለች። በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. እንጀራ ፍለጋ በስደት የወጡ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችን በሊቢያ ምድር ስለ ክርስትናቸው በአሸባሪዎች እጅ ተሠዉ። ከሀገራቸው የወጡት ሰማዕትነትን አስበው አልነበረም። እንደ ስምዖን መንገደኞች ነበሩ፤ መስቀሉ በመንገድ አገኛቸው። በተገኙበትም ስፍራ ክርስቶስን አልካዱም።

ስምዖን ያልተሸከመው ሸክም

በምሳሌነቱ ስንደሰት ወሰኑን ልንጠብቅ ይገባናል። ስምዖን የተሸከመው እንጨቱን ነው፤ የዓለምን ኀጢአት አልተሸከመም። ድኅነታችን በክርስቶስ ብቻ የተፈጸመ እንጂ በጌታችንና በስምዖን መካከል የተከፈለ ሥራ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስም መጭመቂያውን ብቻውን ስለ ረገጠው፣ ከአሕዛብም ረዳት ስላላገኘው ተናግሯል (ኢሳ. 63፥3)።

በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ባስሊደስ የተባለ መናፍቅ፣ የተሰቀለው ስምዖን ነው፣ ክርስቶስ ግን መልኩን ለውጦ ቆሞ ይመለከት ነበር ብሎ እንዳስተማረ ቅዱስ ሄሬኔዎስ በመናፍቃን ላይ በጻፈው መጽሐፍ ዘግቧል። ይህ ትምህርት መከራውን ምትሐት፣ ትንሣኤውንም ከንቱ ያደርጋል። በንጹሕ ሰው ሞት የሚያላግጥ ክርስቶስንም ይፈጥራል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ግን ቃል ሥጋ ሆኖ፣ በተዋሕዶ አንድ ባሕርይ ሆኖ፣ በሥጋ በእውነት እንደ ታመመ፣ እንደ ሞተና እንደ ተነሣ ታስተምራለች። የስምዖን ታሪክም ይህን ያጸናል። የክርስቶስ ድካም የታይታ ቢሆን ኖሮ ሸክም አጋዥ ባላስፈለገ ነበር።

ለሕይወታችን ምን ያስተምረናል?

በዕለተ ስቅለት ምእመናን ከማለዳ ጀምረው በቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ ሰግደው፣ የሕማማቱን ንባብ ሰምተው ይውላሉ። ያን ቀን ስግደቱን የምንሰግደው ወድደን ነው፤ በሌላው ጊዜ የሚያገኘን መስቀል ግን ብዙውን ጊዜ ያልመረጥነው ነው። ጾሙን፣ ሱባኤውን፣ ስለቱን በፈቃዳችን እንይዛለን። የእናት የአልጋ ቁራኛ መሆን፣ የወንድም መታሰር፣ በወላጅ ሞት ታናናሾችን የማሳደግ ኀላፊነት፣ በዐረብ ሀገር በሰው ቤት ሠርቶ ለቤተ ሰብ መላክ ግን ሳንጠየቅ ትከሻችን ላይ ያርፋሉ። ሸክሙን የተቀበለ ሰው ብዙ ጊዜ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል። በልቡም ማጕረምረሙን ያውቃልና ዋጋ የሌለው ይመስለዋል።

ስምዖን ለዚህ ሰው መጽናኛ ነው። ወንጌሉ ስምዖን ደስ ብሎት ተሸከመ አይልም። በዚያ ጠዋት ቢቀር በወደደ ነበር ብንል አንሳሳትም። የተሰቃዩን እንጨት ይዞ ሲሄድ ያየው ሰው ወንጀለኛው እርሱ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ያ ያልተፈለገ ሸክም ወደ ክርስቶስ አቀረበው፤ ከማንም ይልቅ በቅርብ ሆኖ ዱካውን እየረገጠ ሄደ። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ይህን በጥቂቱ እናውቀዋለን። ውኃ ቅዱ፣ እንጨት ልቀሙ ስንባል ፊታችንን ያጠቈርንባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ዛሬ ስናስበው ግን ከመምህራችን እግር ሥር ያቈየን እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የስምዖን መባረክ የጭፍሮቹን ግፍ አያጸድቅም። እግዚአብሔር ከክፋት በጎ ነገርን ያወጣል፤ ክፋቱ ግን ክፋት ነው። ስለዚህ በትዳሯ የምትደበደብን እኅት፣ ደመወዙን የተቀማን ሠራተኛ «መስቀልህ ነው፣ ቻለው» ብሎ መሸኘት ስብከት አይደለም። ጌታችን ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ የሚጭኑትን፣ በጣታቸው ግን ሊነኩት የማይወዱትን ገሥጿል (ማቴ. 23፥4)። በቀራንዮ መንገድ መስቀልን በሰው ላይ የጫኑት ጭፍሮች ናቸው፤ የተሸከመው ስምዖን ነው። ከሁለቱ የማንን ሥራ እንደምንሠራ ራሳችንን እንመርምር። የእኛ ድርሻ ሐዋርያው እንዳዘዘው አንዳችን የሌላችንን ሸክም በመሸከም የክርስቶስን ሕግ መፈጸም ነው (ገላ. 6፥2)። የታመመን የጠየቀ፣ የታሰረን የጐበኘ ለእርሱ ለራሱ እንዳደረገው ጌታችን ተናግሯልና (ማቴ. 25፥40)፣ የወንድሙን መስቀል አንድ ጫፍ የያዘ ሁሉ የስምዖንን ሥራ ይሠራል።

ማጠቃለያ

ስምዖን ቀሬናዊ ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ ታሪክ ሊሠራ አላሰበም። አንድ ጠዋት፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ሸክም ስሙን ከመድኃኒታችን ሕማም ጋር አስተሳሰረው። እኛም ዛሬ በትከሻችን ያለውን ሸክም ስንመለከት ማን እንደ ጫነብን ብቻ ሳይሆን ከማን በስተኋላ እየሄድን እንደ ሆነ እንጠይቅ። መስቀሉን አስቀድሞ የተሸከመው ጌታ ከፊታችን አለና፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በግድ ጀምረን ቢሆን እንኳ ሁለተኛውን በፍቅር እንድንፈጽም እርሱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።